መርዶ ያደረበት በረንዳ

ጋሽ እምሩ ለጥምቀት በረንዳ ሲያስጌጡ ማንም አይጠጋቸውም ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ በኋላ የሆነው ሁሉ ከዚህ ስለመጣ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ ጥር ስምንት ሲሆን መዶሻቸውን ይዘው ብቅ ሲሉ ግቢው በሙሉ ፊቱን ያጠቁራል። ሽኩር መሰላሉን ይደብቃል። ምብራት የልብስ ማስጫ ገመዷን እንዳይነኩባት ወገቧን ይዛ ደጃፏ ላይ ትቆማለች። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ከሱቄ መስኮት ሆኜ እተርባቸዋለሁ። "ጋሽ እምሩ፣ ቤቱን ሌላ ሰው ሳያፈርሰው እርስዎ በሚስማር ሊጨርሱት ነው!" እላለሁ። "አንቺ ስኳርሽን መዝኚ" ይሉኛል ሚስማራቸውን በከንፈራቸው እንደነከሱ።

ስሜ ነሲባ ነው። ግቢያችን አፍንጮ በር ነው፤ የድሮ ትልቅ ሰው ቤት ተከፋፍሎ የቀበሌ ቤት የሆነ፣ ከፊቱ ሰፊ የእንጨት በረንዳ ያለው። አራት አባወራ እንኖርበታለን። አባቴ ከወሎ መጥቶ የግቢው በር ላይ ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ እኛ ከዚህ ንቅንቅ አላልንም፤ አሁን ሱቁን የያዝኩት እኔ ነኝ። በረንዳው ለመንገዱ ቅርብ ነው። ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱ በእኛ በር የሚያልፍ አለ፤ ጋሽ እምሩም ያን ያህል የሚደክሙት ለዚያች ለሚያልፍባት ሩብ ሰዓት ነበር።

ሥራቸው ማስታወቂያ መጻፍ ነበር። ፒያሳ ውስጥ የወርቅ ቤቱን፣ የዳቦ ቤቱን፣ የፎቶ ቤቱን ሰሌዳ በብሩሽ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሁሉም ነገር በማሽን ይታተማል፤ ሰሌዳዎቹ ተሰቅለውባቸው የነበሩ ቤቶችም ብዙዎቹ የሉም። ይህን አንስቶ ሊያዝንላቸው የሚሞክር ሰው ካለ፣ "የኔ ፊደል አላዘነም፤ አንተ ምን ቤት ነህ?" ብለው ኩም ያደርጉታል። እውነቱን ለመናገር ደግ አንደበት አልነበራቸውም። ሰላም ሲሉ እንኳ የሚጣሉ ነበር የሚመስሉት።

ሚስታቸው ማክዳ የሞተችው ልጃቸው ሰርክአዲስ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። ያን ዓመት ሁላችንም በረንዳው ባዶ ይሆናል ብለን ነበር፤ ሐዘኑ ገና ሁለት ወር አልሞላውም። ጥር ስምንት ላይ ልጅቷን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው የወረቀት አበባ ሲያሰቅሏት አየናቸው። "ጋሽ እምሩ፣ ሐዘን ቤት ነው እኮ" ያላቸው ሰው ነበር። "ልጅ ያለበት ቤት ነው" አሉ። ከዚያ ወዲህ አበባውን ከወረቀት የምትቆርጠው ሰርክአዲስ፣ የሚሰቅሉት እሳቸው ሆኑ። አድጋ ነርስ ሆና አርባ ምንጭ ሄዳ፣ እዚያው አግብታ ስትቀር እንኳ፣ በየዓመቱ ቆርጣ በካርቶን ትልክላቸው ነበር። ዘንድሮም ጥር ከመግባቱ በፊት ካርቶኑ ደርሷል። የተረከብኩት እኔ ነኝ።

ከሰርክአዲስ ሌላ የቀራቸው ዘመድ ደብረ ብርሃን ያሉት ታናሽ ወንድማቸው አቶ ወልደሥላሴ ብቻ ናቸው። አቶ ወልደሥላሴ ኩላሊታቸውን ከታመሙ ዓመት አልፏቸዋል። ጋሽ እምሩ "መጥተህ እኔ ጋ ሆነህ ታከም" ሲሉ፣ ወንድም "ከቤቴ አልወጣም" ሲሉ፣ ሁለቱም ግትር ናቸውና ከመስከረም ጀምሮ ተኳርፈው ነበር። በመሃል ወሬ የምታመላልሰው ሰርክአዲስ ነበረች። ለአባቷ ስትደውል የአጎቷን፣ ለአጎቷ ስትደውል የአባቷን ትነግራለች።

ጥር ሰባት ቀን ከሰዓት በኋላ የእድራችን ዳኛ አቶ ሚናስ ቤት ተጠራን፤ እኔ፣ ሽኩርና ምብራት። ጋሽ እምሩ አልተጠሩም። አቶ ሚናስ በሩን ዘግተው ቁጭ አሉና፣ "ሰርክአዲስ ዐርፋለች" አሉን። ሁለት ቀን ብቻ ታማ ነው። ባሏ የደወለው ከቀብር መልስ ነው፤ መጀመሪያ ለአጎቷ፣ ከዚያ ለእድሩ። አጎቷም ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር፣ "እኔ ሳልደርስ ወንድሜ እንዳይሰማ፤ በስልክ እንዳይነግሩት" ብለው ለምነዋል። ከጥር አሥራ ሁለት በፊት መድረስ አይችሉም።

ምብራት ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። እኔ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ንዴት ነው የያዘኝ። "ታዲያ እስከ አሥራ ሁለት እኚህ ሰውዬ ልጃቸው ሳትኖር አለች ብለው ሊኖሩ ነው?" አልኩ።

"ቀብሩ አለፈ፣ ነሲባ" አሉኝ አቶ ሚናስ። "አሁን ብንነግራቸው የሚደርሱበት ነገር የለም። ደም ብዛት አለባቸው። ከተራ ሦስት ቀን ነው የቀረው፤ በበዓል ዋዜማ ለአባት መርዶ አይነገርም። ሚካኤል ይግባ፣ ወንድማቸው ይድረሱ፣ ጥር አሥራ ሦስት ንጋት ላይ እንነግራቸዋለን። ጥቂት ቀን ደስታ ብንተውላቸው ምን ይጎድልብናል?"

በእኛም ቤት መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ አባቴ እናቱ መሞቷን የሰማው በሳምንቱ ነው። ግን ወላሂ፣ ሆዴ እሺ አላለኝም።

ስንወጣ አቶ ሚናስ በሩ ላይ ያዙንና፣ "አደራ" አሉ። "ማንም ፊቱን እንዳያሳይ። ልክ እንደ ወትሮው ሁኑ።"

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። ወትሯችን ምን እንደነበረ አንዳችንም አላስታወስንም።

ጥር ስምንት ጠዋት ጋሽ እምሩ መዶሻቸውን፣ ጨርቃቸውንና የሰርክአዲስን ካርቶን ይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። ገና ቀና ሳይሉ ሽኩር መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። ሳይጠየቅ! ይህ ሽኩር በር በያጅ ነው፤ መሰላሉን ለሰው ከማዋስ ጥርሱን ቢያወልቁለት ይመርጣል። "ይኸው ጋሼ፣ አጥብቄ ልያዝልዎት" አለ። ጋሽ እምሩ መሰላሉንም ሽኩርንም አዩና ወጡ። እኔ ሻይ ይዤ ሄድኩ። ሻይ! ሠላሳ ዓመት ስተርባቸው የኖርኩት ሴትዮ ዝንጅብል የገባበት ሻይ በሳህን ይዤ ከመሰላሉ ሥር ቆምኩ።

"ምን ሆናችኋል ዛሬ?" አሉ ከላይ ሆነው። "ልሞት ነው እንዴ?"

ሳቅን። ሳቃችን ራሱ ጆሮ የሚያሳምም ነበር። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ጨርቅ በምሰሶዎቹ ላይ ጠመጠሙ፤ ሽኩር ከሥር እየወጠረ አቀበላቸው። "እንኳን አደረሳችሁ" ብለው በእጃቸው የጻፉበትን ነጭ አቡጀዲ ዘረጉ። አበባዎቹን ከካርቶኑ እያወጣሁ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ቀዩን፣ ነጩን፣ ቢጫውን። እያንዳንዱ ከኋላው በቀጭን ሽቦ ታስሯል፤ ያን ሽቦ የጠመዘዘችው እሷ ናት።

ከዚያ ምብራት መጣች። ምብራትና ጋሽ እምሩ በዚያች የልብስ ገመድ ሰበብ ስድስት ዓመት አይነጋገሩም፤ እግዜር ይማርሽ እንኳ አይባባሉም። መጣች፣ ገመዷን በገዛ እጇ ፈታች፣ ልብሱን አነሳች፣ ገመዱን ጠቅልላ ይዛ መሰላሉ ሥር ቆመች። "ጨርቁን የሚያስሩበት ካነሰዎት በዚህ ይሰሩት፣ ጋሽ እምሩ" አለች፤ ይህን ስትል እንባዋ ቅርር አለ። ቶሎ ዞረች፣ ግን ዘግይታለች።

መዶሻው ቆመ። ጋሽ እምሩ መሰላሉ ላይ እንዳሉ አንድ በአንድ አዩን፤ ሽኩርን፣ ምብራትን፣ እኔን ከነሻዬ። ፊታቸው ቀስ እያለ ሲለወጥ አየሁት። ሁለት ደረጃ ወርደው ቆሙ።

"ሞት አለ" አሉ።

ሽኩር መሰላሉን እንደ ሕይወቱ ጨብጦ መሬት መሬት ያያል። እኔ አፌን ከፈትኩ። አሁን ልንገራቸው፣ ይገላግላቸው፣ እኔንም ይገላግለኝ አልኩ በልቤ። ገና ቃል ሳላወጣ እጃቸውን አነሱ።

"እንዳትነግሪኝ!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እድር ያውቃል?" አሉ።

"ያውቃል" አልኩ።

"መቼ ነው የሚነገረኝ?"

"ሚካኤል ገብቶ። አሥራ ሦስት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከኪሳቸው ስልካቸውን አወጡ፣ አጠፉትና ሰጡኝ። "አንቺ ጋ ይቀመጥ። ደውሎ አፉ የሚያመልጠው ሰው አይጠፋም።" ከዚያ ወደ ላይ ተመልሰው ወጡና፣ "ያቺን ቀይዋን አቀብዪኝ" አሉኝ።

አቀበልኳቸው። ምን ላድርግ? እስከ ቀትር ሠሩ። አንዲት ሚስማር እንኳ አጣመው አልመቱም።

ማታውን ለአቶ ሚናስ ነገርኳቸው። ግንባራቸውን ይዘው፣ "እንግዲህ ራሳቸው አትንገሩኝ ካሉ…" አሉ። በልባቸው እፎይ ያሉ መሰለኝ፤ በዚያም ተናደድኩባቸው።

ከተራ ዕለት በረንዳው አምሮበት ነበር። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ደረጃው ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ከምሰሶ ምሰሶ አበባው በሽቦ ተንጠልጥሎ ንፋስ ያወዛውዘዋል። የሰፈሩ ወጣቶች መንገዱን ጠረጉ፣ ውሃ ረጩ። ታቦቱ በዘጠኝ ሰዓት ግድም በእኛ በር ሲደርስ ጋሽ እምሩ ነጭ ለብሰው ከደረጃው በታች ቆመው ነበር። እልልታው ሰፈሩን ሞላው። እሳቸው ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው አንገታቸውን ደፍተው፣ ታቦቱ አልፎ የመጨረሻው ሰው እስኪርቅ ድረስ ቀና አላሉም።

ሰው ሁሉ ታቦቱን ተከትሎ ሲሄድ መጥተው ሱቄ ደጃፍ የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። እኔ ከባንኮኒው ኋላ ነኝ።

"ነሲባ፣ ለምን አትንገሩኝ እንዳልኩ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም፣ ጋሽ እምሩ።"

"ሲነግሩኝ እጮሃለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ታቦት በበሬ እያለፈ ዋይታ እንዲቀበለው አልፈልግም፤ ያ አንድ ነው።" ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። "ሁለተኛው… ካልሰማሁ ወልዴ አለ። እስከ አሥራ ሦስት ድረስ አለ ማለት ነው።"

ወልዴ የሚሉት ወንድማቸውን ነው። ለካ ሰውየው አስበው ጨርሰዋል! ዓመት ሙሉ የታመመው ወንድማቸው ነው፤ ልጃቸው ጤነኛ ናት፣ ወጣት ናት፣ ራሷ ሐኪም ቤት ነው የምትሠራው። ሌላ ሰው በምን ያስባሉ?

"ተኳርፈን ቀረን" አሉ። "ከመስከረም ወዲህ አንዴ እንኳ ድምፁን አልሰማሁም። ግትር ነው። እኔም ግትር ነኝ። ልጅ እያለን እንጀራ አባታችን ሲመታኝ መሃል የሚገባው እሱ ነበር፤ ታናሽ ሆኖ! ይህን አንድ ቀን እንኳ ነግሬው አላውቅም።" ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉ። "ሲነገረኝ ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ይሰማ አይሰማ እንጃ።"

ልናገር ነበር። ወንድምዎ አሉ፣ አልሞቱም፣ ነገ ተነገ ወዲያ ይመጣሉ ልላቸው ነበር። ግን ይህን ብዬ የቱ ጋ ላቆመው እችላለሁ? አንዱን ሕይወት ስመልስላቸው ሌላውን መውሰዴ ነው። የስኳር ሚዛኑን መጥረግ ጀመርኩ።

ሊሄዱ ተነሱና ደግሞ ተመለሱ። "አንድ ነገር ለአቶ ሚናስ ንገሪልኝ" አሉ። "ሰርክዬን በስልክ እንዳይነግሯት። አጎቷን እንደ ነፍሷ ነው የምትወደው፤ ብቻዋን እያለች ብትሰማ ትሞትብኛለች። ባሏ አጠገቧ ሆኖ፣ ቀስ ብለው፣ ቁጭ አድርገው ይንገሯት። እሺ?"

"እሺ" አልኩ። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ፣ ገና በቀን፣ ከስኳር ጆንያው ጀርባ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሺ ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጥምቀት ሆነ፣ ሚካኤልም ገባ። ጋሽ እምሩ ጃንሜዳ ሄደው መጡ፤ ከሰው ጋር በሉ፣ ተመረቁ፣ መረቁ። እኔን ሲያዩ በዓይናቸው ሰላም ይሉኛል እንጂ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አሥራ ሁለት ቀን ሲመሽ መሰላሉን ከሽኩር ተውሰው ጌጡን ብቻቸውን አወረዱት። ጨርቁን አጠፉ፣ አበባዎቹን ሳይጨማደዱ ካርቶናቸው ውስጥ መልሰው ደረደሩ። "ለቅሶኛ ሲመጣ ጌጥ አይየው" አሉኝ። ከእድር ወንበር ሳይመጣ በፊት የራሳቸውን ሁለት አግዳሚ አውጥተው ግቢው ውስጥ አኖሩ። ለመርዶ እንዲህ የተዘጋጀ ሰው አይቼ አላውቅም።

ያን ቀን አመሻሽ ላይ አቶ ወልደሥላሴ ከደብረ ብርሃን ደረሱ። ሽኩር ከመናኸሪያ ተቀብሎ አቶ ሚናስ ቤት አሳደራቸው። ከስተው አጥንታቸው ቀርቷል። "ወንድምዎ እርስዎ የሞቱ መስሏቸዋል" ብለን የነገርናቸው እንደሆን እንኳን መራመድ መቆምም አይችሉም ብለን ሳንነግራቸው ቀረን። እንደገና ተሳሳትን።

ጥር አሥራ ሦስት ሰማዩ ወገግ ሲል በሩን አንኳኳን። ጋሽ እምሩ ራሳቸው ከፈቱ። ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው ጋቢያቸውን አደግድገዋል። "ግቡ፣ ግቡ" አሉ፤ "አውቄዋለሁ፣ አትጨነቁ።" አቶ ሚናስ ገቡ፣ የእድሩ ሰዎች ገቡ፣ ምብራት ገባች፣ እኔም ገባሁ። በመጨረሻ በሽኩር ክንድ ተደግፈው አቶ ወልደሥላሴ ገቡ።

ጋሽ እምሩ አዩዋቸው። እስከምሞት ያን ፊት አልረሳውም። መጀመሪያ አላመኑም፤ ከዚያ ያ ኮስታራ ፊታቸው በሙሉ በራ። "ወልዴ!" አሉ። "ወልዴ! አለህ? አለህ እንዴ አንተ ግትር!" ሮጠው አቀፏቸው፣ ጉንጫቸውን፣ ግንባራቸውን፣ ትከሻቸውን ሳሙ፤ ሳቁ፣ ጮክ ብለው ሳቁ። አቶ ወልደሥላሴ ግን እቅፋቸው ውስጥ ሆነው ይንሰቀሰቃሉ። "እነዚህ ሰዎች እኮ አንተን…" ብለው ወደኛ ዞሩ፣ አብረናቸው እንድንስቅ።

የሳቀ ሰው አልነበረም።

ሳቃቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ቆመ። ከአንዱ ወደ አንዱ አዩ። አቶ ሚናስ ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጁት ቃል ነበራቸው፤ አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። መርዶ መንገር የሽማግሌ ነው፣ የዘመድ ነው፤ የባለሱቅ ሴት አይደለም። ይህን ጠንቅቄ አውቃለሁ። ግን የሚጠብቁት እኔን ነበር፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። እሺ ያልኳቸው እኔ ነኝ።

"ሰርክአዲስ ናት፣ ጋሽ እምሩ" አልኩ።

እጮሃለሁ ያሉት ሰው አልጮኹም። የወንድማቸውን እጅ ሳይለቁ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አቶ ወልደሥላሴ አጠገባቸው ተንበርክከው ደረታቸውን እየመቱ፣ "እኔን በወሰደኝ! እኔ እያለሁ! እኔ በሽተኛው እያለሁ!" ማለት ጀመሩ። ሦስቴ፣ አራቴ አሉት።

ጋሽ እምሩ እጃቸውን ዘርግተው የወንድማቸውን አፍ ያዙ።

"ዝም በል" አሉ። "አንተን ስቀብር ነው የሰነበትኩት። ሁለተኛ አልቀብርህም።"

ድምፃቸውን አውጥተው ያለቀሱት ከዚያ በኋላ ነው።